ቀለሙን ይተዉ፣ ቀንዱን ይቁጠሩ

ጅቡቲ ያለ ዘመድ በስልክ ፎቶ ይልካል፤ ወይም ከዱባይ የሚመለስ ወንድም «ላምጣልህ ወይ?» ይላል። ፎቶው ላይ ያለው ዓሣ ደማቅ ቢጫ ነው፤ ጥቁር ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት፣ አራት ማዕዘን፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ። ሻጩ «ቦክስፊሽ» ብሎታል፤ ሌላ የጨመረው ነገር የለም። ድሬ ጠያራም ይሁን ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ሳሎኑ ውስጥ የባሕር አኳሪየም ለማቆም ልቡ የተነሳ ሰው ይህን አይቶ እምቢ ለማለት ይቸግረዋል።

ችግሩ «ቦክስፊሽ» የአንድ ዓሣ ስም አለመሆኑ ነው። ገላቸው በአጥንት ሳጥን የታሸገ ከሃያ በላይ ዝርያዎች በዚሁ ስም ይጠራሉ፤ ከመካከላቸው ግንባራቸው ላይ ቀንድ ያላቸውን ነጋዴዎች «ካውፊሽ» ይሏቸዋል። አንዱ ዝርያ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ዕድገቱን ያቆማል፤ ሌላው 45 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። መደብር ውስጥ ግን ሁለቱም ሦስት ሴንቲ ሜትር ናቸው። ዓሣው ቤትዎ መኖር ይችል እንደሆነ፣ ስንት ሊትር ውኃ እንደሚፈልግ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ራስ ምታት ይሆንብዎት እንደሆነ የሚነግርዎት የዝርያው ስም ነው። እንደ ሐረር ከፍ ብሎ በተቀመጠ አገር ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል፤ ምክንያቱን ወደ ታች እንመጣበታለን።

ከዘመዶቹ ይለዩት

የእነዚህ ዓሦች ዘመድ ሲደነግጥ ውኃ ውጦ ሰውነቱን የሚነፋው ፓፈርፊሽ ነው። ፓፈርን አገራችንም ታውቀዋለች፤ ቴትራኦዶን ሊኒያተስ የተባለው ዝርያ ጋምቤላ በባሮ በኩል፣ ደቡብ ላይ ደግሞ በኦሞና በቱርካና ውኃ ይኖራል። በወንዝ ወይም በሐይቅ ውኃ ዕድሜውን የሚገፋ ቦክስፊሽ ግን የለም። «ቀስ በቀስ የቧንቧ ውኃ ይለምዳል» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ሌላም የሚዋሽዎት ነገር እንዳለ ይጠርጥሩ።

ልዩነቱን ለማየት ዓሣው ሲዋኝ ለጥቂት ደቂቃ ቆመው ይመልከቱት። የቦክስፊሽ ገላ አይታጠፍም፣ አይነፋም። የሚንቀሳቀሱት ክንፎቹ፣ ጅራቱ፣ አፉና ዓይኑ ብቻ ናቸው፤ ቀሪው ድርቅ ያለ ሳጥን ነው። ጠጋ ብለው ካዩት ቆዳው ሥር ባለ ስድስት ማዕዘን የአጥንት ሰሌዳዎች እንደ አንድ ተጋጥመው ይታያሉ። ሌሎች ዓሦች ሆዳቸው ሥር ያላቸው ጥንድ ክንፍም የለውም። እነዚህ ሁሉ ከተሟሉ ቤተሰቡን አግኝተዋል፤ የሚቀረው ስሙ ነው።

ሦስት ፎቶ ያስልኩ

ከጎን የተነሳ አንድ ፎቶ አይበቃም። ሦስት ይጠይቁ፦ አንድ ከጎን፣ አንድ ፊት ለፊት፣ አንድ ከላይ። በተለይ ፊት ለፊት የተነሳውን አጥብቀው ይጠይቁ፤ የሳጥኑ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ሻጩ ፎቶ ለማንሳት ብሎ ዓሣውን በመረብ ከውኃ እንዳያወጣ አደራ ይበሉት። አየር ሊውጥ ይችላል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓሣው ይደነግጣል፣ የዚህ ዓሣ ድንጋጤ ምን እንደሚያስከትል ወደ በኋላ ያዩታል።

ፊት ለፊት ሲያዩት አራት ማዕዘን ከሆነ፣ ጀርባው ለጥ ወይም ትንሽ ጎበጥ ብሎ ሾህም ቀንድም ከሌለው፣ ኦስትራሲዮን ከሚባለው ወገን ነው። በዓለም መደብሮች «ቦክስፊሽ» ተብለው ከሚሸጡት አብዛኞቹ ከዚህ ወገን ናቸው።

ሆዱ ሰፊ፣ ጀርባው ወደ ላይ እየጠበበ የሄደ፣ በአጭሩ እንደ ሳምቡሳ ሦስት ማዕዘን ከሆነ፣ ጀርባው ጫፍ ላይ አንድ ትልቅ ሾህ ይፈልጉ። ካገኙት ቴትሮሶመስ ጊቦሰስ ነው። ቀይ ባሕር ውስጥ አሸዋና የባሕር ሣር ላይ ይኖራል፤ በስዊዝ ቦይ አልፎ ሜዲትራኒያን ባሕር ድረስም ዘልቋል። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ቡናማ ስለሆነ ለቤት የሚፈልገው ጥቂት ሰው ነው፤ ሲሸጥም ያለ ስሙ ነው የሚሸጠው።

ከዓይኖቹ በላይ ወደ ፊት የቀኑ ሁለት ቀንዶች ካሉት ካውፊሽ ነው። እዚህ ላይ ግን አይቁሙ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀንድ ካየ በኋላ ሥራው ያለቀ ስለሚመስለው ነው።

የጀርባው ሾህ

ቀንድ ካላቸው መካከል ለገበያ በብዛት የሚቀርበው ላክቶሪያ ኮርኑታ ነው። ሁለት ቀንዶች ከፊት፣ ሁለት ደግሞ ከጅራቱ ሥር ወደ ኋላ የተቀሰሩ አሉት። ቀንዶቹ ረጃጅም ናቸው፤ ቢሰበሩም መልሰው ይበቅላሉ። ጀርባው መሐል ላይ ግን ጎልቶ የወጣ ሾህ የለውም። ይህ ዓሣ ከ45 ሴንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ጅራቱ ዕድሜው በገፋ ቁጥር እየረዘመ ይሄዳል።

ጀርባው መሐል ላይ አንድ ጠንካራ፣ ወደ ኋላ ቆልመም ያለ ሾህ ካዩ ደግሞ ላክቶሪያ ፎርናሲኒን ይገምቱ። ገላው ላይ ሰማያዊ ነጥብና ጭረት ይታያል። ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ እስከ ሃዋይ ይገኛል፤ ሲበዛ 23 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያም ያንሳል። ለቤት ካውፊሽ ካስፈለገዎት የሚመከረው ይሄ ነው። ሻጩ ኮርኑታን «ትንሹ ካውፊሽ» ብሎ ቢያቀርብልዎት የጀርባውን ሾህ አሳዩኝ ይበሉ። ሾህ ከሌለው ትንሽ የሆነው ገና ልጅ ስለሆነ ነው።

ሦስተኛው ላክቶሪያ ዲያፋና ጀርባው ላይ ሾህ ስላለው ከፎርናሲኒ ጋር ይምታታል። ሆዱን ይመልከቱ፦ የዲያፋና ሆድ ወደ ታች ጎበጥ ያለ ነው፣ የፎርናሲኒ ለጥ ያለ ነው። ዲያፋና 30 ሴንቲ ሜትርን ያልፋል።

አሜሪካ ወይም ካናዳ ያላችሁ አንባቢዎች ሌላ ወገን ያጋጥማችኋል፤ ከካሪቢያን የሚመጣው አካንቶስትራሲዮን። እሱም ቀንድ አለው። ገላው ላይ ሰማያዊ የተሞነጫጨረ ጽሑፍ መሳይ መስመር ካለ ኳድሪኮርኒስ ነው፤ ጥርት ያለ የማር እንጀራ መሳይ መረብ ከሆነ ፖሊጎኒየስ ነው። ሁለቱም ሲያድጉ ግማሽ ሜትር ገደማ ስለሚደርሱ ከመደብር መስታወት ውጭ ማየቱ ይበቃል።

አሁን ወደ ቀለሙ

ቀለምን መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ሆነ ብዬ ነው። ቀለም በዕድሜና በጾታ ይለወጣል፤ አጥንት ግን ከልጅነት እስከ እርጅና ያው ነው።

መጀመሪያ ላይ ያልነው ቢጫው ዓሣ ለዚህ ዋና ምስክር ነው። ኦስትራሲዮን ኩቢከስ ይባላል፤ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ስም ካወጣላቸው አንዱ ነው። ሕፃኑ ደማቅ ቢጫ ነው፤ ጥቁር ነጥቦቹ የዓይኑን ብሌን ያህላሉ። ሲያድግ ቢጫው ወደ ሰናፍጭ ቀለም ይደበዝዛል፣ ነጥቦቹ ያንሳሉ፣ በመጨረሻም ገላው ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይዞርና በአጥንቶቹ መጋጠሚያ ላይ ብቻ ቢጫ ይቀራል። አፍንጫው ላይ እብጠት የሚያወጣም አለ። የቀይ ባሕሩ ጎልማሳ ደግሞ ሰማያዊ ግራጫ ላይ ጥቁር ከበብ ያላቸው ነጫጭ ነጥቦች ይዞ ይታያል። ሕፃኑንና ጎልማሳውን ጎን ለጎን ቢያዩ ሁለት የማይተዋወቁ ዓሦች ይመስሉዎታል። እና ይህ ነው 45 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው። ደስ የሚል ሕፃን ለልጆች ተብሎ ተገዝቶ፣ በኋላ አንድ ክንድ የሚጠጋ፣ ግራጫ፣ ቦታ የሚጠይቅ እንግዳ ይሆናል።

በአንጻሩ ከደጃችን ባሕር የሚወጣ፣ ልኩ ለቤት የሚሆን ዝርያ አለ፦ ኦስትራሲዮን ሲያኑረስ። የሚኖረው በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ አካባቢ፣ እስከ ኦማን በኩል ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ያቆማል። ወንዱ ጎኑና ጅራቱ ሰማያዊ፣ ጥቁር ነጠብጣብ የበዛበት፣ ጀርባው ቢጫ አረንጓዴ ነው፤ ሴቷ ደብዘዝ ትላለች። ለዚህ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1828 ስም ያወጣለት የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ስሙን የሰማችሁት ይመስለኛል፤ ኋላ ጎንደር ድረስ ዘልቆ ዋልያን፣ ጭላዳን እና ቀይ ቀበሮን በሳይንስ መዝገብ ያስገባው ያው ሰው ነው። ዋልያን ሁላችንም እናውቃለን፤ የባሕሩን ዓሣ ግን ከሐረር ሰው ይልቅ የጃፓን አኳሪስት ያውቀዋል ብል ማጋነን አይሆንም።

ሲያኑረስን ከሕፃን ኩቢከስ ለመለየት ጎኑንና ጅራቱን ይመልከቱ። ሕፃኑ ኩቢከስ ከአፉ እስከ ጅራቱ ሥር ቢጫ ነው። ወንዱ ሲያኑረስ ቢጫ ቢኖረው እንኳ ጀርባው ላይ ነው፤ ሰማያዊው ከታች ይጀምራል።

አንድ ሌላ መዘንጋት የሌለበት አለ፤ ኦስትራሲዮን ሜሊያግሪስ። ከምሥራቅ አፍሪካ እስከ ፓስፊክ ይገኛል እንጂ የቀይ ባሕር ሰው አይደለም። ሴቷ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ወይም ቡናማ ሆና ነጫጭ ነጥቦች አሏት። ወንዱ ጀርባው እንደ ሴቷ ሆኖ ጎኑ ሰማያዊ፣ ነጥቦቹ ብርቱካንማ ናቸው። የሚገርመው ወንዱ ቀድሞ ሴት የነበረ መሆኑ ነው፤ ጾታ ይቀይራሉ። ስለዚህ «ሁለት ዝርያ» ብሎ የሚሸጥልዎት ሰው አንድ ዓሣ ሁለት ጊዜ እየሸጠልዎት ሊሆን ይችላል። ሜሊያግሪስ 25 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል።

ከመክፈልዎ በፊት ሆዱን ይዩ

ስሙ ከታወቀ በኋላ የጤናው ነገር ይመጣል። አጥንት የለበሰ ዓሣ ሲከሳ ጎኑ አይታይም። ሆዱን ከታች ይመልከቱ፦ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ፣ ወይም የጅራቱ ሥር ከቀጠነ ተርቧል ማለት ነው። የተራበ ቦክስፊሽ እምብዛም አያገግምም። ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ክንፉ ያልተበላ፣ ወደ መስታወቱ መጥቶ የሚያይዎት ዓሣ ይምረጡ። ሻጩ በፊትዎ ምግብ እንዲሰጠው ይጠይቁ፤ ካልበላ አይግዙ፤ «ደንግጦ ነው» ቢሉዎትም አይግዙ። ቆዳው ላይ ነጭ ነጥብ ያለበትን ደግሞ ይተዉ፤ እነዚህ ዓሦች በጥገኛ ተውሳክ ቶሎ ይያዛሉ፣ ለዚያ በሽታ የሚሰጠውን መዳብ ያለበት መድኃኒት ደግሞ አይችሉም።

ሕያው እንስሳ ያለ ፈቃድና ያለ ጤና ምስክር ወረቀት ድንበር እንደማያልፍም ለዘመድዎ አስቀድመው ይንገሩት። ደወሌ ላይ ተይዞ ፀሐይ ላይ የዋለ ከረጢት ውስጥ የሚተርፍ ዓሣ የለም።

ሐረር ላይ ሲሆን

ሐረር ከባሕር ወለል 1,885 ሜትር ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከጠረፍ አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውኃ ጠረፍ ላይ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ 5.4 ገደማ ብቻ ነው። ዓሣ ሻጮች የሚሰጡት «ለዚህ ያህል ዓሣ ይህን ያህል ሊትር» የሚለው ስሌት በባሕር ጠረፍ ከተሞች የወጣ ስለሆነ ሐረር ላይ የዓሣው ቁጥር ሳይቀነስ አይሠራም። እኔ ብሆን አንድ ሲያኑረስን ከ400 ሊትር በታች አላስቀምጥም፤ ኩቢከስንና ኮርኑታን ጭራሽ አላስገባም።

ኦክስጅን ለመጨመር ኃይለኛ ፓምፕ አስገብቶ ውኃውን ማናወጥ ደግሞ ለዚህ ዓሣ አይሆንም። ሳጥን ገላ ይዞ ከወጀብ ጋር መታገል ይከብደዋል። መርሴዲስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ2005 ከዚህ ዓሣ ቅርጽ ወስዶ አንድ የሙከራ መኪና ሠርቶ ነበር፤ ቅርጹ ውኃ ሰንጥቆ ይሄዳል፣ ረግቶ ይጓዛል ተብሎ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ግን ቅርጹ እንደተባለው እንዳልሆነ፣ እንዲያውም በቀላሉ የሚዞር እንደሆነ አሳየ። ዓሣው የሚጠቀመውም በዚሁ ነው፤ በቆመበት ይዞራል እንጂ አይሮጥም። ስለዚህ የውኃውን ፊት ያናውጡ፣ መሐሉን ያረጋጉ፦ የአየር ፓምፕ ከነአረፋ ድንጋዩ፣ ፕሮቲን ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣ ማጣሪያ)፣ ክዳኑ ከፈት ያለ ገንዳ። ቀልጣፋ ዓሣም አብረው አያስገቡ፤ ምግቡን ቀምተው ያስርቡታል።

ሐረር ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ማሞቂያ ግድ ነው፤ 25 ዲግሪ አካባቢ ይያዝ። ድሬዳዋ ያለ ሰው በተቃራኒው ማቀዝቀዣ ያስባል። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያው ለጥቂት ሰዓት ቢቆም ዓሣው ይታገሣል፤ የአየር ፓምፑ ግን ቶሎ መተካት አለበት። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ገዝተው ከገንዳው አጠገብ ያኑሩ፤ ፍለጋ እንዳይሄዱ።

ስለ ጨው፦ የአፍዴራ ጨው ለወጥ ነው። የባሕር ውኃ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላም ስላለው ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀውን ጨው ማስመጣት ያስፈልጋል። ለ100 ሊትር ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ይበላል። ውኃው በማጣሪያ የተጣራ ይሁን እንጂ ከቧንቧ ወይም ከቦቴ በቀጥታ አይቅዱ። የጨው መጠኑን በሊትር 35 ግራም አካባቢ በመለኪያ እያረጋገጡ ይያዙ፤ ቀይ ባሕር ራሱ 40 ገደማ ስለሆነ ከዚያ የመጣ ዓሣ ትንሽ ከፍ ቢል አይከፋውም።

ገንዳውን የት ላስቀምጥ ለሚል፣ የሐረሪ ቤት ነደባ (ከፍ ያለው መቀመጫ) ላይ ማሰቡ ያጓጓል፤ ከእንግዳው ዓይን ጋር እኩል ስለሚሆን። አያድርጉት። 400 ሊትር ከነመስታወቱና ከነድንጋዩ ግማሽ ቶን ያልፋል፤ የጨው ትነቱም ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ሰፌዶች ያበላሻል። መሬት ላይ፣ በብረት መቀመጫ፣ ከመስኮት ራቅ አድርገው ያቁሙት።

የመርዙ ነገር

ቦክስፊሽ ሲደነግጥ፣ ሲጎዳ ወይም ሲሞት ከቆዳው መርዝ ያለበት ልጋግ ይለቃል። ቦይላንና ሾየር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1967 ከሃዋይ ቦክስፊሽ ለይተው ፓሁቶክሲን ብለውታል። ሳሙና መሳይ ጠባይ አለው፣ አረፋም ይሠራል። ባሕር ውስጥ ሰፊው ውኃ ያቀጥነዋል፤ ገንዳ ውስጥ ግን ሌሎቹን ዓሦች፣ አንዳንዴም ራሱን ቦክስፊሹን ይገድላል። ሁሉም ዝርያ ይህን ያደርጋል ብለው ያስቡ፤ የሚለየው ውኃው ሲበዛ መርዙ መቅጠኑ ነው፤ በትንሽ ገንዳ ትልቅ ዝርያ አይያዝ የምንለው አንዱ ለዚህም ነው።

መስታወቱን ልጆች እንዳያንኳኩ ያድርጉ። ዓሣውን ማዘዋወር ካለብዎት በመረብ ሳይሆን ውኃ ውስጥ በጠለቀ ሳህን ወይም ጆግ ይቅዱት። ገንዳው ያለ ምክንያት አረፋ ካበዛ፣ ሌሎቹ ዓሦች ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ፣ መጀመሪያ ቦክስፊሹን ይፈልጉ። ሞቶ ከሆነ ወዲያው አውጥተው ይጣሉ፣ ማጣሪያው ውስጥ አዲስ አክቲቬትድ ካርቦን ያስገቡ፣ የገንዳውን ውኃ ሲሶ ወይም ግማሽ በአዲስ ይለውጡ። ይህን ለማድረግ የተዘጋጀ የጨው ውኃ በእጅዎ ሊኖር ይገባል፤ ሌሊት በስምንት ሰዓት ጨው መበጥበጥ አይቻልም። ሐረማያ ሐይቅ ከደረቀበት ጊዜ ወዲህ የሐረርን ሰው ውኃ ማጠራቀም ማንም አያስተምረውም፤ ከቤቱ ሮቶ ጎን አንድ ክዳን ያለው 200 ሊትር በርሜል ጨምረው፣ ጨዉን በጥብጠው፣ ትንሽ ፓምፕ እያንቀሳቀሰው ያቆዩት። በርሜሉ ላይ በወፍራም ቀለም «የዓሣ» ብለው ይጻፉበት፤ የቤት ሠራተኛዋ ሩዝ ልትቀቅልበት ትችላለች።